ቆላ የተወለደች ጥጃ

ማስተርጎም የጀመርኩት በበሬ ነው። ዛሬ እንጀራዬ ሆኖ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ የሰውን ሕመም ወደ እንግሊዝኛ፣ የሐኪሙን ቃል ወደ አማርኛ ስገለብጥ እውላለሁ። ልምድሽ ከመቼ ጀምሮ ነው ብለው ሲጠይቁኝ ግን "ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ፣ በአንድ ጃፓናዊ በረት ውስጥ" ማለት ስለማይመች፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጀመርኩ ብዬ አልፋለሁ።

ወደ በሬው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ በልጅነቴ እንደተወናበድኩት እናንተም እንድትወናበዱ አልፈልግም። የወለደችኝ ሩት ናት። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ ባየሽ ናት። ሩት እኔን ስትወልድ ገና ተማሪ ነበረች፤ ሰውየው ደግሞ ሆዷ መግፋቱን ሲያይ ደቡብ አፍሪካ ልሥራ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። ባየሽና ባሏ ሳህሉ ልጅ አልነበራቸውም። ዲቪ ሲደርሳቸው ገና ዳዴ የምለውን እኔን በሕግ ልጃቸው አድርገው፣ ለሩት "አንቺ እስክትደላደዪ ድረስ ነው" ብለዋት፣ ይዘውኝ ሚኒሶታ ገቡ። ሩት የራሷ ዕድል ደርሷት ስትመጣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ የመጣችውም ልጇን ልትወስድ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ የማውቀው ሳህሉ አባዬ፣ ባየሽ እማዬ፣ ሩት ደግሞ አክስት መባል የማትወድ አክስቴ መሆኗን ብቻ ነበር። ኤርፖርት ሄደን ስንቀበላት እማዬ እንዳስጠናችኝ "እንኳን ደህና መጣሽ አክስቴ" አልኳት። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ፣ "አክስቴ አትበይኝ። ሩት በይኝ" አለችኝ። ወጣት መምሰል ፈልጋ ነው ብዬ አሰብኩ። ለክፍል ጓደኞቼም "አንድ ኩራተኛ ዘመድ መጣብን" ብዬ አወራሁ።

መጀመሪያ አፕል ቫሊ እኛ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር የምትተኛው። ብዙም ሳትቆይ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘችና ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ቤት ተከራየች። ቅዳሜ አንድ ቀን ወስዳ አሳየችኝ። ከመስኮቱ ባቡሩ ቁልቁል ይታያል፤ ኮሪደሩ ሁሉ የሱማሌ ሻይ ይሸታል። ክፍሏ ውስጥ ሁለት አልጋ ነበረ። አንደኛው ላይ ቢራቢሮ የታተመበት አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። "ማነው የሚተኛበት?" አልኳት። "እንግዳ ይመጣ ይሆናል" አለችኝና ማዕዘኑን ደጋግማ አስተካከለችው። ቤት ኪራይ የምትጋራትን ሴት እየጠበቀች መሰለኝ።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ቤታችን ማታ ማታ ሹክሹክታ አይጠፋበትም ነበር። ሩት ከሥራ ወጥታ ትመጣለች፣ የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ይላል፣ እኔ የቤት ሥራዬን ይዤ ጆሮዬን አቆማለሁ።

"ቃል ነበረን እኮ እቴቴ።"

"ቃልማ ነበረን፣ ማን ካደ? ልጅ ግን አድጋለች። ቋንቋዋ እዚህ፣ ጓደኛዋ እዚህ… ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

"እኔ እነግራታለሁ።"

አባዬ ጉሮሮውን ይጠርግና "ፋሲካን በሰላም እንዋል፤ ከዚያ እንነጋገራለን" ይላል። 

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ጭንቅላቴ ውስጥ ከቅርጫው በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። አባዬ የዓመቱ ቅርጫ ሰብሳቢ እሱ ስለነበር ሲደውል፣ ሲደወልለት፣ "በሬው እንዲህ ይሁን፣ እንዲያ ይሁን" ሲባል ነው የሚያመሸው። ስለዚህ በበሩ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚደርሰኝ የወጥ ቤቱም ጭቅጭቅ የቅርጫ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሩት ገና መምጣቷ ነው፣ ከሌላው ሰው እኩል መደብ ይገባኛል ብላ አስቸግራለች። በልቤ "ስግብግብ!" አልኳት።

ሞሪታን ያገኘነው በሁዳዴው አጋማሽ ነው። በየዓመቱ የምንገዛለት ገበሬ እርሻውን ሸጦ ስለሄደ፣ አባዬ የሥራ ጓደኞቹን አጠያይቆ፣ ከአፕል ቫሊ ወደ ደቡብ ትንሽ ድራይቭ አድርገን የምንደርስበት አንድ ጃፓናዊ አርቢ እንዳለ ሰማ። ጆሮ መሸፈኛ ያለው ቀይ ቆብ ያጠለቀ፣ አጠር ያለ፣ ጉንጩ በብርድ የተላጠ ሽማግሌ በረዶ እየጠረገ አገኘነው። ገና እንደገባን ወተትና ቺዝ አቀረበልን። አባዬ እንግሊዝኛ አያቅተውም፤ ግን ነገር ሲከብደው ወደ እኔ ይዞራል። "ጾም ላይ ነን፣ የከብት ነገር አንቀምስም በይው" አለኝ። ነገርኩት።

"እስከ መቼ?" አለ ሞሪታ።

"እስከ ፋሲካ። ጠቅላላው ሁለት ወር ገደማ ነው።"

ሦስታችንንም፣ አባዬን፣ እማዬንና እኔን፣ በየተራ አየን። "እና በሬ ልትገዙ ነው የመጣችሁት?"

እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሞሪታ እንግዳ አፉን ሳያሟሽ መውጣቱ ከነከነው መሰለኝ፣ አካፋውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። በረዶውን ገፈፈ፣ ከሥሩ ያለውን ጭድ ገለጠ፣ እጁን ሰደደና ካሮት ነቀለ! በመጋቢት፣ ከበረዶ ሥር፣ ካሮት። ቧንቧው ላይ አጥቦ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ካሮት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም። ጥርስ ያማል፣ ይሰበራል፣ ከዚያ አፍ ውስጥ ስኳር ይሆናል። "ምን ነከርክበት?" አልኩት።

ምንም አልነከረበትም። እሱ ባደገበት አገር በሰሜኑና በተራሮቹ በረዶ የሰው ቁመት ስለሚያክል፣ ገበሬው ካሮቱንና ጎመኑን ሳይነቅል በረዶው ሥር ያከርመዋል አለን። ካሮቱም ውስጡ በረዶ እንዳይሠራበት፣ ብርዱን ለመቋቋም ዱቄቱን ወደ ስኳር ይለውጣል። ብርዱ ካልመታው አይጣፍጥም። ይህን ለእማዬ ስተረጉምላት፣ "እኛን ስንት ዓመት ሲመታን እንዲህ ቢያጣፍጠን ምን ነበረበት!" አለች፤ እሱንም ተረጎምኩለትና ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው። ጨዋታ የናፈቀው ሰው ነበር። የተወለደው ደቡብ፣ ካጎሺማ ነው። እዚያ እሳት የሚተፋ ተራራ ከከተማው ፊት ለፊት ቆሟል፣ ሰው ለዝናብ ብቻ ሳይሆን ለአመድም ጃንጥላ ይዘረጋል። የአመድ መሬት ውሃ አይዝም፤ ሩዝ ይኮርፍበታል፣ ስኳር ድንች ግን ይወደዋል። አሳማውም ያንኑ ስኳር ድንች እየበላ ሥጋው የተመሰገነ ይሆናል። ክረምቱ ስለማይከፋ ሣር አይጠፋም፣ ስለዚህ ላም እዚያ ትወልዳለች። ወደ ሰሜን፣ ሆካይዶ የሚባለው ደሴት ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ስንዴ፣ ድንች፣ ወተት፣ ቅቤ። በወጣትነቱ እዚያ ወተት ሲያልብ ኖሮ ነው አሜሪካ የመጣው። ሚኒሶታን ሲያይ ሆካይዶ መሰለችው፣ ቀረ።

"እንደኛው ቆላና ደጋ ነዋ!" አለ አባዬ ደስ ብሎት፣ ያገሩን ሰው ያገኘ ይመስል። ቆላና ደጋን እንዴት እንደምተረጉም ቸገረኝ። "ሆት ዳውን ኤንድ ኮልድ አፕ" አልኩት። ሞሪታ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ "ኤግዛክትሊ" አለኝ። በትርጉም ሕይወቴ እንደዚያ የተመሰገንኩበት ቀን የለም።

አባዬ አንድ ጥቁር በሬ መረጠ። ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ሽንጡን ዳሰሰ፣ ጎኑን መታ መታ አደረገ። ሻኛ የሚባል ነገር የለውም፣ የዚህ አገር ከብት መቼ ሻኛ አለው? ግን ሰንጋ ነው። "በኃላፊነት ነው የምገዛው፤ ካማረ ስሜ ያምራል፣ ከከፋም አለሁ" እያለ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ወደ ቤት ገባን።

ቀዳም ሥዑር ዕለት ጠዋት ሁላችንም እርሻው ላይ ተገኘን። የቀለጠው በረዶ ጭቃ ሆኖ፣ ሌሊቱን ደግሞ ቀጭን በረዶ ነስንሶበት ነበር። ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን የታደሉትን ቀጤማ ራሳቸው ላይ እንዳሰሩ፣ ቦት ጫማ አጥልቀው ቆመዋል። ሞሪታ ቀጤማውን አይቶ "ከብቶቼ እንዳይበሉባችሁ" አለ። በሬው ወደ ምሥራቅ ዞሮ በስመ አብ ተብሎ ታረደ፤ በትራክተሩ ተሰቅሎም ተገፈፈ። ቢላው የቂርቆስ ነው። ቂርቆስ ታክሲ ነጂ ነው፣ ግን "አዲሳባ ቄራ ያደግሁ ነኝ" ባይ ስለሆነ በየዓመቱ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ በየዓመቱም በሻኛ አለመኖር ያማርራል።

አንዱን ታፋ ከፈት እንዳደረገው እጁ ቀጥ አለ።

"ኧረ ጉድ!"

"ምንድነው?" አለ አባዬ።

"ኧረ ጉድ ነው ሳህሉ! በሬው ኮሶ ወርሶታል!"

ሁሉም ተንጋግቶ መጣ። እኔም በክንዳቸው ሥር ሾልኬ አየሁ። ቀዩ ሥጋ ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ ነጥብና ጭረት ተበትኖበታል። እኛ የምናውቀው ጮማ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ቀዩም ለብቻው። እንዲህ ሩዝ እንደተደፋበት ሥጋ ማን አይቶ ያውቃል? ቁርጥ የሚበላ ሰው ደግሞ ነጭ ነጥብ ሲያይ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱ አማተበ፣ ሌላው ኋላ አፈገፈገ። አባዬ በዚያ ብርድ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

ሞሪታ ተጠራ፣ እኔም ተጠራሁ። "ትል አለበት ይላሉ" አልኩት። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። ሰው ለዚህ ሥጋ አህጉር አቋርጦ ይመጣል አለ። የዘሩ ነገር ነው። የእነዚህ ከብቶች አያቶች በሩዝ ጭቃ ውስጥ ማረሻ ሲጎትቱ የኖሩ ናቸው፤ ለድካማቸው የሚሆን ስንቅ ሥጋቸው ውስጥ ይይዛሉ ይባላል። ጮማ ነው እንጂ ትል አይደለም። ቃል በቃል ተረጎምኩ፣ ግን የቂርቆስን ፊት የሚፈታ አልሆነም። ይኼኔ ሞሪታ ቤት ገብቶ መጥበሻና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዞ መጣ። ስስ አድርጎ ቆረጠ፣ ጣደ፣ እዚያው ፊታችን በላ።

ሽታውን እንዴት ልንገራችሁ! ሁለት ወር የጾመ ሕዝብ፣ ገሚሱ አክፍሎ ከሐሙስ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሕዝብ፣ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ያ ጮማ ሲንቸሰቸስበት! አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ቂርቆስ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ "እሱማ ሻጩ ነው፣ ምስክር አይሆንም" አለ። ዙሪያውን ቃኘ። ከመሃላችን በጾም ያልታሰረ ሰው ማን አለ? ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

"ትሕትና ትቅመስልን! ልጅ ናት፣ ጾም አይያዝባትም።"

በዚያ ዓመት እጾማለሁ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም ነበር። ሞሪታ ቁራጯን በሹካ ይዞ ዘረጋልኝ።

"ትብላ እንጂ" አለች ሩት ከኋላዬ። "ፊቷን አላያችሁትም? አመድ መስሏል።"

እማዬ ለመደቡ ላስቲክ ስትዘረጋ ነበር። ቀና አለች። "አትበላም። ልጄ ትጾማለች።"

"ዘጠኝ ዓመቷ ነው እቴቴ!"

"ስንት ዓመቷ እንደሆነ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?"

"ለማን ልንገር ታዲያ? ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?"

 ቂርቆስ እንኳ፣ ዝምታ የማያውቀው ቂርቆስ፣ መሬት መሬት አየ። በበሬው ነገር አፈረ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ዛሬ ሳስበው እዚያ የቆመው አዋቂ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔና ሞሪታ ብቻ ነበርን።

እኔ ጨነቀኝ። ስጨነቅ አማርኛው ይጠፋኛል። "አይም ፋስቲንግ" አልኩ ሹካውን በእጄ መለስ አድርጌ።

ሩት እንግሊዝኛ አልገባትም። "ምን አለች?" ብላ እማዬን ጠየቀቻት።

"እጾማለሁ ነው ያለችው" አለች እማዬ። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። የምጠላትን ሩትን ያን ጊዜ አየኋት፤ የተመታች ትመስል ነበር። በጣም ርቧት ነው አልኩ።

"በቃ!" አለ አባዬ። "ዕጣው ይጣል። የፈራ መደቡን ለእኔ ይተው፣ እኔ እበላዋለሁ።" እንደዚያ ሲባል መቼም የሐበሻ ነገር፣ አንድም የሚተው ሰው ጠፋ። ቂርቆስ ቢላውን አነሳ፣ ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። ሩት ብቻ ወደ በረቱ ሄደች። ሞሪታም እንግዳ ተከፋ ብሎ ይሁን ከብቶቹ እንዳይደነግጡ፣ ተከተላት። ትንሽ ቆይታ ከበሩ ላይ "ነይ እስቲ አስተርጉሚልኝ" ብላ ጠራችኝ።

በረቱ ይሞቅ ነበር። የከብት ትንፋሽ፣ ድርቆሽ፣ እበት። ሩት አንዲት ጥቁር ጥጃ አንገት ታሻለች፤ ፀጉሯ ወፍራም፣ ጣት የሚያስገባ። "እናቷ የታለች በይው" አለችኝ።

ጠየቅሁት። እናቷ ቴክሳስ ናት አለ። ጥጆቹን ከዚያ ነው የሚያመጣው። ባገሩም እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ በሞቃቱ ደቡብና በደሴቶቹ ሣር ስለማይጠፋ ጥጃ እዚያ ይወለዳል። ማደለቡ ግን ሙቀት አይወድም፣ ከብት ሲሞቀው መኖ ያስጠላዋል። ስለዚህ ነፍስ ሲያውቁ ቀዝቀዝ ወዳለው አገር ይወሰዳሉ። እኔ እንግዲህ አሳጥሬ፣ "ቆላ ትወለዳለች፣ ደጋ ታድጋለች" አልኳት።

"ከዚያ የየት ናት ነው የምትባለው? የቆላ ወይስ የደጋ?"

ሞሪታ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። "ብዙ ዕድሜዋን በኖረችበት አገር ስም ነው የምትጠራው። ሕጉ እንደዚያ ነው" አለ። ተረጎምኩ።

ሩት ማሻሸቱን አላቆመችም። "ላሚቱስ? ጥጃዋን ሲወስዱባት ምን ትሆናለች?"

"ትጮኻለች" አለ ሞሪታ። "አጥሩ ጋ ሄዳ መኪናው የወጣበትን መንገድ እያየች ትጮኻለች። ሰሞኑን ሁሉ። ከዚያ ዝናብ ይዘንባል፣ ሣር ይበቅላል፣ ትግጣለች።"

እኔ ይህን ስናገር ደስ እያለኝ ነበር። ሩት ጥጃ ልትገዛ ነው! ለዚህ ነው ሁሉን የምትጠይቀው። ፎቅ ቤቷ ውስጥ የት ታስራት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

"አንድ ነገር ብቻ" አለች ሩት። "ብትመለስስ? ይቺ ጥጃ ወደ እናቷ ብትመለስስ በይው።"

 ሞሪታ ጥጃዋን አየ፣ ሩትን አየ፣ እኔንም አየኝ። መመለስማ ትችላለች፣ ያመጣት መኪና መልሶ ይወስዳታል አለ። ግን ይህን ፀጉር ያበቀለችው ለዚህ ብርድ ነው፤ በዚህ ላይ ያ ሙቀት መከራ ነው የሚሆንባት። እናቷንም አታውቃትም። ላሚቱ ግን ሳታውቃት አትቀርም፣ ደስም ይላት ይሆናል። ስለዚህ ለማን ብላችሁ ነው የምትመልሷት የሚለው ነው ነገሩ።

ረጅም ነበር። ያኔም ዛሬም ረጅም ንግግር ሲገጥመኝ ፍሬውን ነው የማወጣው። "ለላሚቱ ተብሎ ከሆነ ትመለሳለች፣ ለጥጃዋ ተብሎ ከሆነ አትመለስም አለ" አልኳት።

ሩት ራሷን ነቀነቀች። "እግዜር ይስጥልኝ በይው" አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ተከፍቶ የነበረውን ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘጋችው። እጇ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸት ነበር። በራሴ ላይ የተፈረደውን ፍርድ በገዛ አፌ ለፈራጇ የተረጎምኩ እኔ ነኝ። አንዳንዴ ሆስፒታል ውስጥ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ሳይ "እኔ አለሁ፣ አንተ ውጣ" የምለው ለዚህ ይሆን እላለሁ።

ሞሪታ ገብቶት ነበር ወይ? ካደግሁ በኋላ ሄጄ ጠየቅሁት። "እኔ ስለ ከብት ነው ያወራሁት" አለኝና ካሮት ሊነቅልልኝ ወጣ።

እማዬ ግን በተከፈተው የበረት በር ከሩቅ ስታየን ነበር። ሥጋው መሃል ቆማ፣ ላስቲኩን በእጇ እንደያዘች፣ የሩትን ከንፈር፣ የእኔን ከንፈር፣ የሽማግሌውን ከንፈር። "ነገረቻት፣ አለቀ" ብላ እንደነበር የነገረችኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ እውነቱን ያወጣችልኝ ቀን ነው። ያን ዕለት መኪና ውስጥ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ምን ስትሉ ነበር እዚያ?"

"ስለ ጥጃ" አልኳት።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። ሩት ጥጃ ልትገዛ ነው።"

እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባዬ ሬዲዮኑን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

የዚያን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እማዬ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። አባዬ ተሸክሞ መኪና ውስጥ ማስገባቱንም አላስታውስም። ስነቃ የፋሲካ ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ወለሉ ላይ ወጥታለች፣ ቤቱን ያ የትናንቱ ሽታ ሞልቶታል። ሳሎን ሰው በሰው ነው። ቂርቆስ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ሳህኑን ለአባዬ እየዘረጋ፣ "እስቲ ይችን ኮሶ ጨምርልኝ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን ኮሶ እግዜር አያሳጣን!" ይላል፤ ሰው ይንከተከታል። አባዬ ደረቱ ሁለት ክንድ ሆኗል። በእኔ ዓይን የዓመቱ ትልቅ ጉዳይ በሰላም አልቋል።

"ትሕትና ነቃች! ገና አልፈሰከችም እኮ!" አለ አንድ ሰው።

ሩት ከወጥ ቤት ወጣች። ከእኛ ጋር ነው ያነጋችው፣ ዓይኗ አብጧል፤ ሽንኩርት ስትከትፍ አድራ ነው አልኩ። ከሞሪታ ሥጋ ምርጡን ጠብሳ፣ በእንጀራ ጠቅልላ በእጇ ይዛለች። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። አፌን ከፈትኩ።

ያኔ እማዬ ከማዕዱ ማዶ ቆማ ነበር፣ ማንኪያ በእጇ።  ማንኪያውን አላስቀመጠችውም፣ አልተጠቀመችበትም፤ እንደያዘችው ቀረች። ትናንት እርሻው ላይ የሆነውን ያየ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ ቂርቆስም ማላመጡን አቆመ። የሩት እጅ ከአፌ ፊት፣ አንድ ጣት እርቀት ላይ ቆመ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል፤ ምነው አትሰጠኝም እያልኩ እጇን ነው የማየው። ፊቷን ባየሁ ኖሮ እላለሁ ዛሬ።

ሩት ተነሳች። ማዕዱን ዞራ ሄደችና ጉርሻውን እማዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቿን በጣቶቿ አጠፈችላት።

"እንኪ እቴቴ" አለች። "ልጅሽን አስፈስኪያት።"

እማዬ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። "ሩቲዬ…" አለች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ መጥታ አጎረሰችኝ፣ ግማሹ አገጬ ላይ ቀረ። እኔ እያላመጥኩ ነገሩን በጭንቅላቴ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ትናንት ሩት ትብላ ብላ ነበር፣ እማዬ አትበላም ብላ ነበር፤ ዛሬ ሩት ራሷ መጥታ እጅ ሰጠች። እናቴ አሸነፈች ማለት ነው!

ደስ አለኝ። አፌ እንደሞላ አጨበጨብኩ።

ሰው ሁሉ ደንግጦ አየኝ። ሩትም አየችኝ፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ እሷም አጨበጨበች።